ዳገቱን የወጣው ባጃጅ

አንድ በደል ተጽፎ እንዲቀመጥልኝ እፈልጋለሁ። የውሸት ማስታወቂያ ምራቴን ከነልጇ ሊያሳጣኝ ነበር። የሆነው ባለፈው ክረምት ነው፤ ዛሬም ጉም በወረደ ቁጥር ዓይኔ ላይ ይመጣል። ንዴቴም አልበረደም።

ማስታወቂያውን ያየሁት አርብ ገበያ፣ መኪና ላይ በተሰቀለ ትልቅ ስክሪን ነው። የጭነት ባጃጅ ቀጥ ያለ ዳገት ይወጣል። ጉሙ ገለል እያለ መንገድ ይለቅለታል። ሞተሩ አይሰማም፤ ዋሽንት ብቻ ነው የሚሰማው። ደመና የረገጠ ይመስል ነበር። የመጣሁለትን ጨው ሳልገዛ ፈዝዤ ተመለስኩ። ብዙ ቀን በሕልሜ ስሳፈርበት ከረምኩ። ልጄ ይርጋም በሬዎቹን ሸጦ ገዛው።

በእኛ መንደር የታመመ ሰው ጤና ጣቢያ የሚደርሰው በቃሬዛ ነው፤ ከየቤቱ ወንዶች በተራ ይሸከማሉ። ባጃጁ ሲመጣ ተራው ቀረ። የቃሬዛውን እንጨት እንኳ ለጥጃ ጋጣ አዋልነው። ይህ የራሳችን ጥፋት ነው፤ አልክድም።

ነሐሴ ላይ ምራቴን ምጥ ያዛት። ባጃጁ ላይ አስተኛናትና ይርጋ ነዳ፤ እኔ በእግሬ ተከተልኩ። ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሞተሩ ጠፋ። ፍሬን ቢይዝም ባጃጁ በጭቃው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ድንጋይ አንስቼ ጎማው ሥር ወተፍኩና ኡኡ አልኩ። ጎረቤት ደረሰ።

«እማማ፣ የቱን እንሸከምልዎ? ባጃጁን ወይስ ምራትዎን?» አለ ታደሰ የሚባለው ጎረቤታችን።

«ቀልዱን ተወውና አጠና ቁረጥ» አልኩት።

ሁለት አጠና ላይ ጋቢ አሰሩ። ጉሙ ውስጥ ሲገቡ ሰዎቹ አይታዩም ነበር፤ ነጩ ጋቢ ብቻውን ሽቅብ የሚንሳፈፍ መሰለኝ። ምራቴ ጤና ጣቢያ እንደደረሰች ሴት ልጅ ተገላገለች። ሁለቱም ደኅና ናቸው።

እኔ ግን አልተውኩትም። ሦስት አርብ ወደ ሻጩ ተመላለስኩ። «ያ ባጃጅ ዳገቱን እንዴት ወጣው?» ስለው፣ «ማስታወቂያ እኮ ነው እማማ» ይለኛል።

«እንግዲያውስ ውሸት ነው ብላችሁ አሳዩን» አልኩት።

በአራተኛው አርብ ደጁ ላይ ተቀመጥኩ። ገዢ በመጣ ቁጥር የምራቴን ነገር ማጫወት ጀመርኩ። ቀትር ላይ ሻጩ መረረውና ማስታወቂያውን ወደቀረፀው ሰውዬ ደውሎ ስልኩን ሰጠኝ። ጥያቄዬን ደገምኩ።

«አልወጣም እናቴ» አለኝ። «ሞተሩን አጥፍተን ወደ ኋላ፣ ቁልቁል ስንለቀው ነው የቀረፅነው። ከዚያ ፊልሙን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አስኬድነው።»