የአናጢው መሰላል

አናጢው ደክሞታል። ያደከመው ሥራው አይደለም፤ ሥራውንማ ከልጅነቱ ለምዶታል። ያደከመው መሰላሉን ፍለጋ ነው።

በሰፈሩ ረጅም መሰላል ያለው እሱ ብቻ ነው። አንዱ አምፖል ሊቀይር፣ ሌላው አሸንዳ ሊጠርግ፣ ሌላው ግድግዳ ሊቀባ ይወስደዋል፤ መመለስ ግን የማንም ሥራ አይደለም። ዳቦ ጋጋሪው ለጫማ ሰፊው፣ ጫማ ሰፊው ለአማቹ ያቀብላል፤ ባለቤቱ ደግሞ «ኧረ የኔን ዕቃ ያያችሁ!» እያለ በየበሩ ይንከራተታል። የሰው ጣሪያ ሲጠገን የራሱ ያፈሳል፤ ለዚያውም ደረቷን በሚያማት ሚስቱ አልጋ ላይ። ሳሏን በሰማ ቁጥር ሰፈሩን በሙሉ ይረግማል።

በመጨረሻ አንጀቱ አረረ። መሰላሉን ከአማችየው ጓሮ ጎትቶ አመጣና ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ጋር በሰንሰለት አሰረው። ያን ዕለት ማታ ጎረቤቱ ልብስ አጣቢዋ መጣች።

«ጋሼ፣ መሰላሉን ለትንሽ ነገር ነበር። ቶሎ እመልሳለሁ።»

«ሁላችሁም ቶሎ ነው የምትመልሱት። በቃኝ እህቴ!»

ዞራ ሄደች። ከዚያ ወዲህ በሩን ያንኳኳ የለም። ተገላገልኩ አለ፤ ደስ ግን አላለውም።

አንድ ቀን ሰማዩ ሲጠቁር የሚያፈሰውን ጣሪያውን ሊጠግን ቆርቆሮ ይዞ መሰላሉን ከሰንሰለቱ ፈታና ከግድግዳው አስደገፈው። መሬቱ ጭቃ ነው። ጥቂት እንደወጣ መሰላሉ ተንሸራተተና ከመውደቅ ለጥቂት ተረፈ። ድሮ ሲሠራ የሚይዝለት አጥቶ አያውቅም፤ ሊዋስ የመጣ ሁሉ ተራው እስኪደርስ የመሰላሉን እግር ይዞ ነበር የሚጠብቀው።

«ሰው ጥራ እንጂ!» አለች ሚስቱ በመስኮት።

«በየትኛው አፌ?»

«ያዝኩልዎት፣ ይውጡ» የሚል ድምፅ ከታች መጣ። አጣቢዋ ናት። መሰላሉን በሁለት እጇ ጨብጣለች፤ ቀና ብላ ግን አታየውም።

ወጣ። ምስማር እየመታ ሳለ ዓይኑ አጥሩን ተሻግሮ የእሷ ጣሪያ ላይ አረፈ። ግማሹን ቆርቆሮ ነፋስ ወስዶታል። በቀዳዳው ቁልቁል አልጋዋ ይታያል፤ የምታጥብባቸውን ሳፋዎች ፍራሹ ላይ ደርድራቸዋለች። ለካ «ትንሽ ነገር» ያለችው ይሄን ነው። እፍረት ፊቱን አጋለው፤ ሥራውን ጨርሶም ቶሎ መውረድ አቃተው።

ሲወርድ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ልትሄድ ዞረች። ዝናቡ ማካፋት ጀምሯል። አናጢው ደክሞታል፤ ወገቡም ጉልበቱም አልቋል። መዶሻውን ቀበቶው ውስጥ ሻጠና የመሰላሉን አንድ ጫፍ አነሳ።

«የት ትሄጃለሽ?» አላት። «በዚያ በኩል ያዢልኝ እንጂ።»