ያን ጠዋት የነቀልኩት የባትሪ ገመድ

ቤታችን ከአዲሱ ገበያ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነበር። አባቴ ታክሲውን ሁልጊዜ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ነው የሚያቆማት፤ ባትሪው ቢደክም እንኳ ተንከባላ ትነሳለች። "ጉለሌ ለባለ ታክሲ የተፈጠረ ሰፈር ነው፤ መንገዱ ራሱ መኪና ያስነሳል" ይል ነበር።

ታናሽ ወንድሜን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውት፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ ማሰልጠኛ ውስጥ ነበር። አንድ ቅዳሜ አንድ ጎረቤት ሹክ አለን፤ ምልምሎቹ ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ተጭነው ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ሊሄዱ ነው። እናቴ የጀመረችለትን ሹራብ በጥድፊያ ጨረሰች።

ታክሲዋ ግን ከሁለት ቀን ወዲህ ቀይዋ የባትሪ መብራቷ አልጠፋም ብላለች፤ ስትነሳም ሲጥ ሲጥ ትላለች። አባቴ "ባትሪው አርጅቶ ነው" አለ። እኔ ደግሞ አዋቂ ነኛ! ከስድስተኛ ክፍል ባቋርጥም፣ ጋራዥ በሄደ ቁጥር እየተከተልኩት የመካኒኮቹን እጅ ሳይ ነው ያደግኩት። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ይነቅላሉ። ሞተሩ ከጠፋ ዲናሞው ባትሪ አይሞላም ማለት ነው፤ ካልጠፋ ደህና ነው። በቃ፣ ምርመራው ይኸው ነበር።

እሁድ ጠዋት ታክሲዋ ተንከባላ ተነሳች። አባቴ እናቴን ሊጠራ ሲገባ ኮፈኑን ከፈትኩና ገመዱን መንጭቄ ነቀልኩት። ሞተሩ አልጠፋም። እንዲያውም መብራቶቹ ቦግ አሉ።

"አባዬ፣ ዲናሞው ደህና ነው!"

"ጎሽ፣ የኔ መካኒክ! በይ መልሰሽ እሰሪውና ግቢ።"

የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ገመዱን መልሼ አስሬ ገባሁ።

ከከተማ ወጥተን ሜዳው ላይ ስንደርስ ሞተሩ ሳል ሳል አድርጎት ቀጥ አለ። ብንገፋ፣ ብንገፋ፣ ወይ ፍንክች! እናቴ ሹራቡን ታቅፋ በእግሯ መንገድ ጀመረች። በኋላ አንድ የጭነት መኪና አሳፍሮን ስንደርስ ግቢው ጭር ብሏል።

"አሁን ነው የወጡት፣ እማማ" አለ ዘበኛው።

"ሹራቡን እንኳ አድርስልኝ፣ ልጄ።"

"የት ብዬ፣ እማማ?"

የሰው ልጅ ለጦርነት የሚጭነው መኪና ግን አንድም ቀን ባትሪ ሲደክመው አላየሁም። ወንድሜ በዚያው ቀረ።

ከዓመታት በኋላ ጋራዥ ተቀጠርኩ። አንድ ቀን የባትሪ ገመድ ልነቅል ስል የጋራዡ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እጄን መታኝ። "ይሄ ለድሮዎቹ መኪኖች ነው! የአሁኖቹን ዲናሞ ውስጡን ታቃጥዪዋለሽ። መጀመሪያ ቺንጊያውን፣ ይሄን የጎማ ቀበቶ፣ በአውራ ጣትሽ ተጫኚ፤ ከላላ ዲናሞውን በደንብ አያዞረውም።"

የእኛም ታክሲ ከአሁኖቹ ነበረች፤ ሲጥ ሲጥ ያለውም ቺንጊያዋ ነበር። በአንድ የብሎን ቁልፍ፣ በአምስት ደቂቃ ጠበቅ ይል ነበር።

አባቴ እስኪሞት ያንን ባትሪ ረገመ። እናቴ ልጇን የጫኑትን ረገመች። እኔን ማንም አልረገመኝም፤ አልነገርኳቸውማ።