ኮሶዬ ላይ የቆመው ደወል

እዚህ ኢየሩሳሌም አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሲቆም ከሥሩ «ጢስስ» ብሎ አየር ይተነፍሳል። ሰው ሁሉ ልብ ሳይለው ይወርዳል፤ እኔ ግን አማትባለሁ። ልሳለም መጥቼ እዚሁ ከቀረሁ ብዙ ዘመኔ ነው፣ ያ ድምፅ ግን ዛሬም አንገቴን ያስደፋኛል።

በንጉሡ ጊዜ ነው፣ ልጄ። የደብራችን አዲስ ደወል ከጎንደር አራዳ ተጭኖ ወደ ዳባት ሲሄድ እኛም አጅበነው ነበር። ደወሉ የጭነት መኪናው ተሳቢ መካከል በገመድ ታስሮ ቆሟል፤ ዙሪያውን ቄሶቹ፣ ዲያቆናቱ፣ የሰንበቴ ሴቶች። መሪጌታው አባቴ ከፊት፣ እኔና የአክስቴ ልጅ ከኋላ። እሷ እኛ ቤት ያደገች፣ ከእኔ ጋር አንድ መደብ ላይ የምትተኛ ታላቄ ነበረች፤ ለጥር ልትዳር ታጭታለች። እኔ በዚያ ሰሞን ልማደ አንስት ላይ ስለነበርኩ ከደጀ ሰላም ማለፍ አይገባኝም ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ደወሉን የማጀብ ጉጉቴ አሸነፈኝና፣ ጀርባዬን ከቀዝቃዛው ነሐስ አስደግፌ ተቀመጥኩ።

የኮሶዬን ዳገት ስንያያዘው ጭጋግ ወረደ። መዝሙሩ እንደደመቀ፣ ከፊት በኩል እንደ ጥይት የጮኸ ነገር ተሰማና ተሳቢው ቀጥ ብሎ ቆመ። እርስ በርስ ተደራረብን። ሾፌሩ ሞተሩን ቢያስጮኸው ንቅንቅ አላለም።

«ደወሉ አልሄድም አለ!» አለች አንዲት ሴት።

በጥምቀት ታቦት መንገድ ላይ ሲቆም አይተን ያደግን ነን፤ በሰው በደል እንደሚቆም የሚጠራጠር አልነበረም። በእኔ ነው አልኩ በልቤ። ከአባቴ ዓይን ለመሸሽ ወርጄ፣ ሾፌሩ ወደተንበረከከበት፣ በመኪናውና በተሳቢው መካከል ገባሁ።

«እስቲ ይቺን ያዥልኝ፣ የመሪጌታ ልጅ» ብሎ የተቀደደ የጎማ ቱቦ አስያዘኝ። ቅባትና አቧራ ይሸታል። «ምነው ፊትሽ? ሰው አልሞተ!»

«ደወሉ ነው ወይ ያቆመን፣ አያ?»

«ደወል ደግሞ መቼ ፍሬን ያውቃል!» ብሎ ሳቀ፤ ከተሳቢው ሆድ ሥር ያለችውን ቫልቭ በመፍቻው መታ መታ አደረጋት። የቱቦውን ጫፍ በቢላ እየከረከመ ነገሩን አስረዳኝ። ተሳቢው የራሱ የአየር ማጠራቀሚያ አለው። አየር ከፊት በቱቦው እስከመጣ ድረስ ቫልቯ ማጠራቀሚያውን ትሞላለች፤ እሱ ፍሬን ሲረግጥ ደግሞ መልእክቱን ብቻ ተቀብላ፣ እዚያው ካለው አየር ወስዳ ጎማዎቹን ቶሎ ታስይዛለች።

«ቱቦው ከተቀደደ ግን እኔንም አትጠይቀኝ። በማጠራቀሚያው ያለውን አየር ሁሉ ፍሬኑ ላይ ትለቀዋለች። እሷ ባትኖር ተሳቢው ያለ ፍሬን ቀርቶ፣ ይሄኔ ከነደወላችሁ ገደል ነበራችሁ።»

ልቤ መለስ አለ። ወዲያው ከላይ የአባቴ ድምፅ ተሰማ፤ «ንጽሕና የጎደለው ካለ ይውረድ! እግዚአብሔርን አንፈታተን!»

ቀና ስል የአክስቴ ልጅ ከተሳቢው ጫፍ ቁልቁል ታየኛለች። ሁሉን ታውቅ ነበር፤ ከአንድ መደብ ምን ይደበቃል።

«እኔ ነኝ፣ አብዬ» አለች። ነጠላዋን ተከናንባ ወረደች።

ሾፌሩ ቱቦውን መልሶ ሰካና በሽቦ ጠፍሮ ሞተሩን አስነሣ። አየሩ እስኪሞላ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ከሥር ተነፈሰ፤ ቫልቯ ጎማዎቹን ለቀቀቻቸው። ተሳቢው ነቅነቅ ሲል እልልታው ቀለጠ።

«ኧረ ንገሪያቸው፣ አንቺ ልጅ!» አለኝ ሾፌሩ በመስኮቱ። «እኔን ሰካራም ነው የሚሉኝ፤ አንቺን ይሰሙሻል።»

ቅባቱ እጄ ላይ ነበር። ብናገር «አንቺስ ምነው ወረድሽ?» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። አባቴ «ነይ ውጪ፣ የኔ ሸጋ» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ፤ ወጣሁ። እሷ ጭጋጉ ውስጥ ቀረች።

ከዚያ ወዲያ ስሟ «ደወል ያስቆመች» ሆነ። የእጮኛዋ ወገኖች ሽማግሌ ልከው ነገሩን አፈረሱት፤ ሌላም የጠየቃት የለም። አባቴ እስኪሞት ያን ቀን እንደ ተአምር ሲተርከው፣ እኔ እግሩን እያጠብኩ እሰማ ነበር። ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ፣ የታዘዝኩትንም ሰግጃለሁ። ለእሷ ግን አፌ የተፈታው ወደዚህ ልመጣ ስነሣ ነው። በሶ እየቋጠረችልኝ ነበር፤ ስለ ቱቦው፣ ስለ ቫልቯ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ቋጠሮውን አጥብቃ ጨረሰች።

«አውቄው ነበር እኮ» አለች በመጨረሻ። «ከላይ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ ያ ሰውዬ ድምፁ ትልቅ አይደል?»

«ታዲያ ምነው ወረድሽ?»

«አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ።»

ሌላ አልጨመረችም። ተነሥታ እስከ መኪናው መንገድ ሸኘችኝ። ቦርሳዬን የተሸከመችው እሷ ነበረች።