የተመረጠ ኮት

ኅዳር 17 ቀን፣ ረቡዕ። እትዬ ከመስኮቱ ሥር ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ሕይወቷ ባለፈበት ቀን፣ የታናሽ እህቷ ጥቁር ኮት ገና አላለቀም ነበር። የግራ እጅጌው ገበር በነጭ ክር ሰፋ ሰፋ ተደርጎ ለጊዜው እንደተያዘ ቀረ።

እትዬ የሥራ ዘመኗን ያሳለፈችው በልብስ ፋብሪካ ውስጥ በጥራት ተቆጣጣሪነት ነው። ዘመድ ፊት ለፊት «እትዬ» ይላታል፣ ዞር ስትል ደግሞ «አፍንጫ»፤ ጨርቅ ከመንካቷ በፊት ስለምታሸት። ስሙን ታውቀዋለች፣ ቅርም አይላትም። ዓይን ይታለላል፣ አፍንጫ ግን አይታለልም ባይ ነበረች።

ጡረታ ከወጣች ወዲህ ቤተሰቡ ቅናሽ ፍለጋ ሲወጣ እሷን ከፊት ያስቀድማል። ወቅቱ ያለፈበት ጫማ የት በርካሽ እንደሚጣል፣ የትኛው ሱቅ ሊዘጋ ነው እያለ ዓመት ከዓመት እንደሚሸጥ፣ ከከተማው ወጣ ብለው የተከፈቱት የፋብሪካ መሸጫዎች መቼ አዲስ ዕቃ እንደሚያስገቡ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም። አወቀች እንጂ አልወደደችውም። ገና ከበሩ የሙጫና የረጠበ ካርቶን ሽታ ሲቀበላት አፍንጫዋን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ሰው ልብስ በተከመረበት ገንዳ ውስጥ እስከ ክንዱ ገብቶ የሰው ላብ የነካውን ሸሚዝ ሲጎትት፣ አንገትጌው ላይ የማታውቃት ሴት የከንፈር ቀለም ተለጥፎ ስታይ ፊቷን ታዞራለች። ከሁሉ ከሁሉ የሚያንገሸግሻት ግን የዋጋው ወረቀት ነው። በጥፍሯ ላጥ ስታደርገው ከሥሩ ሌላ ወረቀት ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም የታችኛው ዋጋ ከላይኛው ያነሰ ነው። «ይኸው፣ እዚህ ቤት ቅናሽ ሽቅብ ነው የሚወርደው» ብላ ለሻጩ ታሳየዋለች። አብሯት የሄደው ዘመድ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል።

ታናሽ እህቷ አርባ ዓመት ቢያልፋትም ለእትዬ አሁንም «ሚጣ» ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ሥራ ስትፈልግ ከርማ፣ አንድ ሆቴል በእንግዳ ተቀባይነት ሊወስዳት ተስማማ። ኃላፊዋ ግን ቁርጡን ነግራታለች፤ ሰኞ ጠዋት ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሳ ካልመጣች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ጉርድ ቀሚሱ ነበራት፣ የጎደላት ኮቱ ነው። ሙሉ ዋጋ የሚያስከፍል ሱቅ ደግሞ የመጀመሪያው ደሞዝ ሳይመጣ የሚታሰብ አልነበረም።

ሁለቱ እህቶች የከተማውን ቅናሽ ቤቶች አዳረሱ። አንዱ ኮት ናፍታ ይሸታል፣ የሌላው ገበር በሙጫ የተለጠፈ ነው፣ የሦስተኛው ቁልፎች ገና ሳይነኩ ይረግፋሉ። እትዬ እያሸተተች መለሰችው። ሚጣን ኮቱ ሳይሆን የእህቷ ፊት እጅ እጅ አላት። እናም ቅዳሜ ማለዳ ሳትነግራት ብቻዋን አውቶቡስ ተሳፍራ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ሄደች፤ እዚያ ካለው የፋብሪካ መሸጫም አንድ ኮት ገዝታ እየበረረች መጣች። በሩ ላይ በትልቁ «የተመረጡ ልብሶች በግማሽ ዋጋ» የሚል ተጽፏል አለች። ከምርጦቹ ደግሞ ምርጡን አነሳሁ ብላ ኮቱን ለብሳ ተሽከረከረች።

እትዬ «የተመረጡ» የምትለዋን ቃል ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። በፋብሪካው ቋንቋ የተመረጠ ማለት ምርጥ ማለት አይደለም። ተቆጣጣሪዋ ከደህናዎቹ መካከል ለይታ ያወጣችው፣ የተበላሸው፣ ለገበያ የማይሆነው ነው። ሚጣን እጇን እንድታነሳ አዘዘቻት። የግራ ክንዷ ከፍ ሲል ኮቱ ሁለመናው አብሮ ወደ ላይ ተሰበሰበ። እጅጌው ዞሮ ነው የተሰፋው።

እትዬ ኮቱን አስወልቃ በገበሩ ቀዳዳ እጇን እስከ ብብቱ ሰደደች። እንዲህ ማድረግ የዱሮ ልማዷ ነው። ተቆጣጣሪዎች ብልሹውን ልብስ ጠርዙ ላይ በቀይ ክር ቋጥረው ምልክት ያደርጉበት ነበር። ክሩ እየተቆረጠ ልብሱ ከደህናው ጋር ተመልሶ ሲቀላቀል ያየች ጊዜ እሷ ሁለተኛ ቋጠሮ ብብቱ ውስጥ፣ ማንም በማያስበው ቦታ፣ መቋጠር ጀመረች። ጣቷ አሁን ያንን ቋጠሮ አገኘው። ሁለቴ ዞሮ አንዴ የተጠለፈ፤ የራሷ እጅ። ምራቋ አፏ ውስጥ መረረ።

ከሰዓት በኋላ ኮቱን በላስቲክ ይዛ ወደ መሸጫው ሄደች። ሻጩን ገና ስታየው አወቀችው፤ እሷ ትሠራበት በነበረው ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ የነበረ ነው። እሱም አወቃት፣ ከመቀመጫው ተነስቶ ሰላም አላት፣ ጤናዋን ጠየቀ። እሷ ሰላምታውን ሳትጨርስ ኮቱን ገለበጠችና ቀዩን ቋጠሮ አሳየችው። ይህ ልብስ ተቆራርጦ መወልወያ መሆን ነበረበት፣ ገንዘቡን መልስ አለችው።

ሻጩ ቋጠሮውን ጎንበስ ብሎ አየና ፈገግ አለ።

«እትዬ፣ እኛ የተመረጠ ብቻ ነው ያልነው። እርስዎ አይደሉ እንዴ የመረጡት?»

«ሰው ምን ብሎ እንደሚያነበው ታውቃለህ።»

«አንባቢውን እኔ አላስተማርኩት።»

ዙሪያዋን አየች። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተንጠለጠለው ሁሉ ለይታ የጣለችው ነው። ሴቶች እየተጋፉ፣ አንዷ ከሌላዋ እጅ እየነጠቀች፣ ያንኑ ይሸከማሉ። ዕድሜዋን በሙሉ ስትጠርግ ኖራ ጥራጊው በር ለውጦ ሲሸጥ ያየች መሰላት። አጠገቧ የቆመች አንዲት ነፍሰ ጡር የያዘችውን ሹራብ እትዬ ቀስ ብላ ተቀበለቻት፣ ገልብጣ ጉድለቱን አሳየቻትና መልሳ ሰቀለችው። ገንዘቡ እንደሆነ አልተመለሰም፤ ኮቱን ታቅፋ ወጣች።

በማግስቱ እሑድ ቀኑን ሙሉ ፈታችው። ሚጣ ከጎኗ ቁጭ ብላ ይቅርታ ልትል ስትሞክር፣ ዝም ብለሽ መብራቱን ያዢልኝ አለቻት። እየሠራችም ስትረግም ነበር፤ ሰፊውን፣ ፋብሪካውን፣ ሻጩን፣ የረከሰውን ክር። እጅጌውን አዙራ ከላይ በጥቁር ክር አጥብቃ ሰፋችው፣ ገበሩ ላይ ስትደርስ ጥቁሩ ክር አለቀ። በቤት ውስጥ ያለው ነጭ ብቻ ነው። ለጊዜው በነጩ ያዘችውና፣ ረቡዕ ሥራ ስለማትገቢ አምጪው፣ እጨርሰዋለሁ አለች። ቀዩን ቋጠሮ ግን በመቀስ ቆርጣ አወጣችው።

«አሁን አልተመረጠም» አለች።

ሰኞ ማታ ሚጣ ደውላ፣ ኃላፊዋ ከላይ እስከ ታች አይታት ምንም እንዳላለች ነገረቻት። የእንግዳ ክፍል ቁልፍ ከተሰቀለበት ልታወርድ እጇን ስታነሳ ኮቱ ንቅንቅ አላለም። ሥራው የእሷ ሆነ። እትዬ፣ እንግዳ ፊት ገበሩን እንዳትገልጪው ብቻ ብላ ስልኩን ዘጋች።

ረቡዕ ማለዳ ሚጣ ኮቱን አድርሳላት ወደ ጉዳይዋ ሄደች። እትዬ ነጠላ ጫማዋን ለውጣ ወጣች። መንገድ ላይ ክር በጅምላ የሚረክስበትን ሱቅ አለፈችው። ማዕዘኑ ላይ ካለችው፣ ዋጋ ዝቅ አድርጋ ከማታውቀው ክር ሻጭ ዘንድ ገባች። ጥቁር ክር አስወርዳ አሸተተችው፣ ጫፉን በጥርሷ ይዛ ሳበችው፣ አልተበጠሰም። ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትከራከራት ስትከፍል አይታ ደህና ነሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ደህና ነኝ፣ ጠቅልይልኝ አለች። ክሩን በወረቀት አስጠቅልላ ቤት ገባችና ጠረጴዛው ላይ፣ ከኮቱ አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያም ከመስኮቱ ሥር ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።