የበሬው ቀንድ

ሳሪስ አቦ ያለ አንድ የውበት ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ግንባሩ ላይ ቀንድ ያበቀለ ሮዝ ፈረስ ይስቃል። ዩኒኮርን ነው። ትናንት የአውሮፓን ነገሥታት ጋሻ ያስጌጥ ነበር፤ ዛሬ የጥፍር ቀለም ይሸጣል። ሳይፈጠር ሥራ ያላጣ አውሬ!

የሳሎኑ ሠራተኛ ልጅ ጥፍሬን በማሽን ስትሞርደው የቀንድ ሽታ ሸተተኝ፤ ልቤ ወደ ልጅነቴ፣ ወደ አቃቂ ባቡር ጣቢያ ሄደ።

የሃዲድ ሠራተኛው አባቴ በሆድ ሕመም ተኝቷል። ከድሬዳዋ በባቡር የመጣ ነጋዴ ጥቁር ቀንድ እየሞረደ ዱቄቱን ውሃ ላይ ይበትናል።

"የባለ አንድ ቀንዱ አውሬ ነው፤ የመርዝ ማርከሻ" አለ።

"የበሬ ነው! የአጎቴ በሬ ቀንዱ ሲቆረጥ እንዲህ ነው የሸተተው!" ብዬ ጮህኩ።

እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። "ዝም በይ! ከበሬ ጋር ያደግሁት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?" ከዚያ የአባቴን ራስ ደገፍ አድርጋ፣ "ጠጣ የኔ ጌታ፣ ፍቱን ነው" አለችው።

ጠጣ። "ቀለል አለኝ" ብሎ ፈገግ አለ። በሳምንቱ ቀበርነው። እናቴን ለዓመታት እንደ ሞኝ ቆጠርኳት፤ የበሬ መሆኑን ከእኔ በፊት እንዳወቀች የገባኝ እኔም ካረጀሁ በኋላ ነው።

"እማማ፣ ጥፍርዎ ላይ ዩኒኮርን ልሳልልዎት? ዕድል ታመጣለች" አለችኝ የሳሎኑ ልጅ።

"በሬ መሳል ትችያለሽ?" አልኳት።