ጉደታና የዋንዛው ሳንቃ

ጉደታ ናዝሬት ውስጥ ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ የምትገኝ አንዲት ጠባብ ክፍል ይዞ ሬዲዮ ይጠግን ነበር። ይጠግን ነበር ይባል እንጂ ልቡ ያለው ጊታሩ ጋ ነው። የደንበኛ ሬዲዮ ሆዱ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ሲውል እሱ ጥግ ይዞ ክር ይቃኛል። ባለቤቱ ሲመጣ «ነገ ና» ይላል፤ ነገም ያው «ነገ ና» ነው። ሰውም ይሰድበውና ተመልሶ ይመጣል፣ ምክንያቱም ጉደታ አንዴ ከነካው ሬዲዮው ዳግመኛ አይታመምም።

የሚጫወተው ሁለት ቦታ ነበር። አንዱ የኪነት ቡድኑ ነው፤ ጊታር እንደሚችል ቀበሌ ከሰማ በኋላ አልፈልግም ብሎ ነገር የለም። ሁለተኛውን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። የጸሎት ቤታቸው በደርግ ከታሸገ፣ ሰባኪው ጋሽ አምባዬም ከታሰሩ ወዲህ ምእመናኑ መስኮት ዘግተው በየቤቱ በለሆሳስ ይዘምሩ ነበር። ጉደታም ጊታሩን በጣቱ ጫፍ ብቻ እየነካካ ያጅባቸዋል።

ያ ዘመን በእግር ሲረገጥ የጊታርን ድምፅ የሚለውጠው ፔዳል እንደ ልብ የሚገኝበት ዘመን አልነበረም። ጉደታ ግን አንድ ጊዜ ሻሸመኔ፣ የአንድ ባንድ ጊታር መቺ እግሩ ሥር የደረደራቸውን ፔዳሎች ጎንበስ ብሎ አየና «ይሄማ ሬዲዮ ነው!» ብሎ ሳቀ። ቤቱ እንደገባ ከሞቱ ሬዲዮኖች ትራንዚስተር መንቀል ጀመረ። በእርሳስ እየበየደ በሰርዲን ቆርቆሮ ውስጥ ከተታቸው። አንዱ ሲረገጥ ድምፁን ያሻክራል፣ አንዱ ያንቀጠቅጠዋል። ሦስተኛውን፣ ዋናውን ኩራቱን፣ የሠራው ከወላለቀ ፊያት በፈታው የነዳጅ መርገጫ ነው። እሱን ጫን ለቀቅ ሲያደርገው ጊታሩ አፍ አውጥቶ ያለቅሳል።

ችግሩ ቆርቆሮዎቹ አንድ ቦታ አይረጉም። ሁሩታ ለትርኢት ሄደው መድረክ ላይ ሲረግጠው አንዱ ቆርቆሮ ተንሸራተተ፣ ሽቦ ተነቀለ፣ ድምፁ ጠፋ። ጉደታ በአራት እግሩ ሆኖ ሽቦ ሲፈልግ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያን ቀን እነዚህን ቆርቆሮዎች ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ፣ ከኋላው ከፍ ከፊቱ ዝቅ ያለ ሳንቃ ካላገኘሁ ዳግመኛ መድረክ አልወጣም ብሎ ማለ።

እንዲህ ያለ ሳንቃ የት እንዳለ ያውቅ ነበር። ጥፋቱ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ጸሎት ቤቱ ሊታሸግ ሲል ምእመናኑ ዕቃውን ተከፋፍለው በየቤታቸው ሌላ ነገር አስመስለውት ነበር። አግዳሚው የሱቅ ደጃፍ መቀመጫ፣ መጋረጃው አልጋ ልብስ ሆነ። የጋሽ አምባዬ አትሮኖስ እግሩ ተነቅሎ የጎጆ ምሰሶ ሲሆን፣ መጽሐፍ ቅዱሱ የሚያርፍበት ዘቅዘቅ ያለው የዋንዛ ሳንቃ ደግሞ በባለቤታቸው በእትዬ ሽታዬ ግቢ ከዶሮ ቤቱ ጥግ ተደግፎ ቆመ። ጆሮ እንዳይሰማ ማንም በስሙ አይጠራውም፤ «ያ እንጨት» ነው የሚባለው። ጋሽ አምባዬ የተፈቱ ዕለት ያ እንጨት ወደ ቦታው እንደሚመለስ ግን ሁሉም በልቡ ይዞታል። ከሁሉም ይልቅ እትዬ ሽታዬ።

ጉደታ አንድ ከሰዓት ሄደ። እትዬ ሽታዬ ብቻቸውን አልነበሩም። የቀበሌዋ ወይዘሮ ዲንቄ እንቁላል ልትገዛ መጥታ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

«አካም ጅርቱ» ብሎ ጉደታ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠ።

«ናጋ፣ ናጋ። ኪነተኛው መጣ!» አለች ዲንቄ።

ጉደታ ሳንቃውን አየው። ከፊቱ ጫፍ ላይ መጽሐፉ እንዳይንሸራተት የተሠራች ከንፈር አለችው። ለቆርቆሮዎቹ ቢለካ እንኳ እንዲህ አይገጥምም። ሌላ ቀን ብቻቸውን ሲሆኑ ቢጠይቅ እምቢ እንደሚሉት አላጣውም። አሁን ግን እምቢ ማለት አይችሉም፤ ዲንቄ «ምን ያለ እንጨት ቢሆን ነው?» ትላለች። ይህን አስቦ ነው የጠየቀው።

«እትዬ፣ ያ እንጨት እዚያ ከሚበሰብስ ልውሰደው? ለኪነት ሥራ ይሆነኛል።»

እትዬ ሽታዬ እጃቸው ላይ ያለውን እንቁላል አላስቀመጡትም። ፊቱን ትኩር ብለው አዩት።

«ስጪው እንጂ!» አለች ዲንቄ። «ለአብዮቱ አይደል?»

«ውሰደው» አሉ።

መንገድ ላይ ሳንቃውን ብብቱ ሥር ይዞ ራሱን ሲያጽናና ሄደ። እኛ እንጨት የምንሳለም ሰዎች አይደለንም፤ እግዚአብሔር በሳንቃ ውስጥ አይኖርም፤ ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው ጋሽ አምባዬ ናቸው። እውነቱን ነው፣ አስተምረውታል። እሱ ግን ትምህርቱን የሚያስታውሰው ሲመቸው ነው። ሳንቃውን በሳ፣ ቆርቆሮዎቹን በብሎን አሰረ፣ የፊያቱን መርገጫ መሐል ላይ ተከለ፣ ሽቦውን ከሥር አሳልፎ ደበቀ። ጥቁር ቀለም ሊቀባው አስቦ ዋንዛው አሳሳውና ተወው።

የአብዮት በዓል ዕለት የከተማው ሰው በግድ ተጠርቶ አዳራሹን ሞላው። ጉደታ እንደዚያ ቀን ተጫውቶ አያውቅም። ቆርቆሮዎቹ ንቅንቅ አላሉም፣ እግሩ ሳያይ ያገኛቸዋል። የለቅሶዋን መርገጫ ሲጫናት ሕዝቡ ጮኸ። ደስ ብሎት ቀና ሲል እትዬ ሽታዬን ከፊት ረድፍ አያቸው። እሳቸው ፊቱን አላዩም። ዓይናቸው እግሩ ላይ ነው። የጉደታ ጫማ ባላቸው መጽሐፉን ዘርግተው እጃቸውን ያሳርፉበት የነበረው ቦታ ላይ ነው። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። ከኋላቸው የተቀመጡት ምእመናንም አይተውታል፤ አንገታቸውን ደፍተዋል። ጉደታ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ዘፈኑ እስኪያልቅ መርገጫውን አልነካም፤ ሕዝቡ ግን አጨበጨበ።

በማግስቱ ቆርቆሮዎቹን ነቅሎ ሳንቃውን ይዞላቸው ሄደ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩ።

«ዲንቄ ባትኖር ትጠይቀኝ ነበር?» አሉት።

ጉደታ ሳንቃውን ከዶሮ ቤቱ ጥግ ሊያቆመው ጎንበስ አለ።

«ይዘኸው ሂድ። አምባዬ ሲፈታ እንዲህ ሆኖ እንዲያየው አልፈልግም። ለማንም እንዳትናገር፣ ለሱ የምለውን እኔ አውቃለሁ።»

ጋሽ አምባዬ ሲፈቱ ዓይናቸው ደክሞ፣ ትከሻቸው ጎብጦ መጡ። ምእመናኑ ተሰበሰቡ፣ መስኮቱ ተዘጋ። ጉደታ ከበሩ አጠገብ ጊታሩን አቅፎ ተቀመጠ። ጋሽ አምባዬ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ዘረጉና፣

«ሽታዬ፣ ያ እንጨትስ?» አሉ።

ያ አዳራሽ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ምንጣፉን ማየት ጀመሩ። ጉደታ ልናገር ብሎ ተነሣ። እትዬ ሽታዬ ግን ቀደሙት።

«ቀበሌዎች ወስደው አነደዱት» አሉ።

ውሸት ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ሴት ነበሩ። አሁን እውነቱን ቢናገር ባላቸው ፊት፣ ያውም በመጡበት ቀን፣ እሳቸውን ውሸታም ማድረጉ ነው። ጉደታ ተመልሶ ተቀመጠ።

ጋሽ አምባዬ አልተቆጡም። ዓይናቸውን ጨፍነው መጸለይ ጀመሩ።

«ጌታ ሆይ፣ ያነደዱትን ሰዎች ይቅር በላቸው። ምን እንደሆነ አላወቁም። ቢያውቁ ኖሮ አያደርጉትም ነበር።»

ጉደታ ግን ያውቅ ነበር።

«አሜን» የሚል ሰው ጠፋ። በመጨረሻ እትዬ ሽታዬ «አሜን» አሉ፣ ዓይናቸውን እሱ ላይ እንዳሳረፉ። እሱም «አሜን» አለ።

ጋሽ አምባዬ ድምፁን ለይተው ፈገግ አሉ።

«ጉደታ! አለህ እንዴ ልጄ? በል፣ ጊታርህን አንሳ።»

ጉደታ ሁለት እግሮቹን ወንበሩ ሥር አጥፎ መምታት ጀመረ።