እማማ ያልጠሩት ስም

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ ሳይሆን፣ ከዚያ በኋላ ያወቅሁትን ሁሉ ራሴን በራሴ እንዳስተማርኩ እንዲታወቅልኝ ነው። በዘጠናዎቹ መግቢያ፣ ኢሜይል ገና ብርቅ በነበረበት ሰሞን፣ ወሎ ሰፈር አንድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ውስጥ እሠራ ነበር። ውጭ አገር ያሉ ልጆች በኮምፒውተር በግ ያዛሉ፣ በክሬዲት ካርድ ይከፍላሉ፤ እኛ በጉን እናታቸው ደጅ እናደርሳለን። ኦቶራይዜሽን ባንኩ "ይከፈል" ብሎ የሚሰጠው ፈቃድ መሆኑን፣ ኢንክሪፕሽን ደግሞ የካርዱ ቁጥር መንገድ ላይ በሌባ እንዳይነበብ በምስጢር ጽሑፍ መለወጡ መሆኑን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከአንድ የእንግሊዝኛ መመሪያ ላይ መዝገበ ቃላት ይዤ ነው የተማርኩት። ዲግሪ ያላቸው ሁለት ሠራተኞች እኔን ይጠይቁ ነበር፤ እኔም ሳልኮራ እመልስላቸው ነበር። ትንሽ እኮራ ይሆናል።

የፋሲካ ዋዜማ ጠዋት ከአንዲት ሴት ትእዛዝ መጣ። በጉ ከሲኤምሲ ጀርባ፣ ከጥንቶቹ የገበሬ መንደሮች በአንዱ ለሚኖሩ እናቷ የሚደርስ ነው። ከበጉ ጋር የሁለት መስመር መልእክት አለ፤ ከስድስት ዓመት ዝምታ በኋላ የመጣ የመጀመሪያ ቃሏ። ችግሩ ትእዛዙ ላይ ራሷን በአባቷ ስም ስትጠራ፣ ካርዱ ላይ ከስሟ ቀጥሎ ያለው ግን የሌላ ሰው ስም መሆኑ ነው።

"ጋሼ፣ የተሰረቀ ካርድ ነው፤ ይመልሱት" አለችኝ የሱቁ ባለቤት።

"ፈረንጅ የአያትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይጽፋል። የአያቷ ይሆናል።"

"በምን ያረጋግጣሉ?"

"እናትየውን እጠይቃለሁ።"

"ከተሳሳቱ በጉ የእርስዎ ስጦታ ነው እንግዲህ።"

በጉን ፒክአፕ ላይ አስሬ ከሹፌሩ ጋር ሄድኩ። እማማ ከባሕር ዛፍ አጥራቸው ብቅ አሉ።

"ከልጅዎ በግ ተልኮልዎታል" አልኳቸው።

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "በሕይወት አለች?"

"አለች፤ መልእክትም ልካለች። ከማስረከቤ በፊት ግን የባለቤትዎ አባት ስም ማን ነበር?"

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

"ረሱት?"

"በእጄ ነው የጦርኩት፤ እንዴት እረሳለሁ?"

"ታዲያ ይንገሩኝ።"

"አልጠራውም።"

"በጉ ሊቀርብዎት ነው።"

"ይቅር። የልጄን ወረቀት ስጠኝ።"

"ወረቀቱም ያለ ስሙ አይሰጥም።"

ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ አፋቸው ግን አልተከፈተም። መመሪያው የማንነት ጥያቄ ያልመለሰ ሰው እንደ አጭበርባሪ ይቆጠር ይላል። እኔም መመሪያውን በቃሌ የማውቅ ሰው ስለነበርኩ ወደ ፒክአፑ ዞርኩ።

አጥር ማዶ ልብስ የምታሰጣ ጎረቤታቸው ጠራችኝ። "አንተ ሰውዬ፣ ምን ብለሃት ነው የምታለቅሰው?"

ነገርኳት። ሳቀች። "ያገባች ሴት የአማቷን ስም ትጥራልህ? እኛ ኦሮሞዎቹ ለጉ እንለዋለን፤ ነውር ነው። እሷማ ስሙን የሚመስል ቃል እንኳ አታወጣም። አንተ በበግ ልታስጥሳት ነው?"

"ታዲያ ማን ይንገረኝ?"

"እኔን ጠይቀኛ። እኔ እነሱ ቤት አላገባሁ።"

ነገረችኝ። ካርዱ ላይ ያለው ስም ራሱ ነበር።

በጉን አወረድኩ፤ እማማ ግን ዞር ብለውም አላዩት። ማንበብ ስለማይችሉ እኔ አነበብኩላቸው፦ "እማዬ፣ ደህና ነኝ። ስድስት ዓመት ዝም ስላልኩ ይቅር በይኝ።" አስደገሙኝ። ሦስተኛውን ሳነብ ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ ቆይ አልኩት።

ብዙ አስተማሪ አልነበረኝምና የነበሩኝን አልረሳም። እማማንና ያቺን ጎረቤታቸውን እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ፤ ጎረቤትየዋ ባትጠራኝ ኖሮ የአንዲት እናትን የስድስት ዓመት ናፍቆት በመመሪያ አስደግፌ ይዤው እመለስ ነበር።

ለልጅየዋ ስሕተቴን ሳልደብቅ በኢሜይል ጻፍኩላት። ከበዓሉ በኋላ፣ አማርኛው በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ መልስ መጣ፦ "በጉ ለእናቴ መድረሱን አሁን አመንኩ። ሌላ ሴት ብትሆን በግ ደጇ ቆሞ የአያቴን ስም ትጠራው ነበር።"

ባለሱቋ ከትከሻዬ በላይ አነበበችና "ጋሼ፣ ይሄ መመሪያዎ ላይ አለ?" አለችኝ።

"የለም" አልኳት። ደብዳቤውን በወረቀት አተምኩና በማግስቱ፣ በዕረፍት ቀኔ፣ በሚኒባስ ለእማማ ወሰድኩላቸው። በዚያን ቀን ምንም ሳልጠይቅ አነበብኩላቸው።